ነጻ ናቸው የተባሉት ላሞች

ተመራማሪዋ ዕድሜዋን ሙሉ በከብት ደም ውስጥ ተውሳክ ስትፈልግ የኖረችው ለሳይንስ ፍቅር ነው የሚል ካለ ተሞኝቷል። ለቂም ነው! ልጅ ሳለች የአባቷ ላሞች እየከሱ፣ እየመነመኑ በቁማቸው ሲያልቁ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም መጣ። ደም ወስዶ መረመረና አፉን ሞልቶ «ከበሽታ ነጻ ናቸው፤ ረሃብ ነው የገደላቸው» አለ። በቃ! አባቷ፣ ራሱ ጦሙን አድሮ ላሞቹን የሚያበላ ሰው፣ «አስራቢው» ተብሎ ቀረ። ላሞቹ አለቁ፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም።

አይ ጊዜ! ያ ወጣት ሐኪም ዛሬ የምርምር ተቋሙ ኃላፊ፣ የእሷም አለቃ ነው። የማን ልጅ እንደሆነች አያውቅም። ላቦራቶሪ ውስጥ በሽታ ያልተገኘበት ደም «ነጻ» ይባላል፤ አለቃው ደግሞ ያየውን ሁሉ ነጻ ስለሚል ከኋላው «አቶ ነጻ» እያሉ ይስቁበታል። እሷ አትስቅም። ያኔ ደሙን ጭራሽ ሳያየው ነው የፈረደብን ብላ ስለምታምን ፊቱን ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል።

አንድ ጠዋት አቶ ነጻ የሴት ልጁን ፈረስ በመኪና አስጭኖ መጣ። ባዝራዋ የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ መቆም አቅቷት ግድግዳውን ተደግፋለች።

«ልጄ እህል አልቀምስም ብላ ተኝታለች» አለ። «እባክሽ ቶሎ እይልኝ።»

ተመራማሪዋ ከባዝራዋ ጆሮ ደም ቀዳችና ጠብታዋን ማይክሮስኮፑ ስር አደረገች። ገንዲ! የአባቷን ላሞች የጨረሰው ያው በሽታ! ተውሳኮቹ የደሙን ሕዋሶች እየገፈተሩ ይርመሰመሳሉ። «ነጻ ናት» ብትል ማን ይጠይቃታል? ባዝራዋ ትሞታለች፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ እሱም ይቅመሳት! ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እሱ ራሱ በአፉ ቢለው የበለጠ እንደሚጥማት ተሰማት።

«እስቲ እርስዎ ይዩት» አለችና ወንበሩን ለቀቀችለት።

አጎነበሰ። ጥርት ብሎ እንዲታየው የማይክሮስኮፑን መብራት ያለ የሌለውን ለቀቀው። አየ፣ አየ፣ አየ።

«ምንም የለም። ነጻ ናት» አለ።

ክው አለች። ቀለም ያልነካው ትኩስ ደም ሲታይ መብራቱ ይቀነሳል፤ ብርሃን ከበዛ ተውሳኩ ከዓይን ይጠፋል። ይሄን እኮ ጀማሪ ተማሪ ያውቀዋል! ለካ ሰውዬው ያኔም አይቷል። አይቷል፣ ግን እንዲህ ነው ያየው።

«መብራቱን ቀንሰው እንደገና ይዩ» አለችው።

ቀንሶ አየ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ እኮ ሁልጊዜ...» አለና ዋጠው።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያዩት? ረሃብ ገደላቸው ያሏቸውን ላሞችም? እኔ የአስራቢው ልጅ ነኝ።»

አባቷን ረስቶት እንዳልነበር ከዓይኑ ያስታውቃል።

«መድኃኒቱን አምጪ፣ ሌላውን በኋላ እንነጋገራለን» አለ።

የመድኃኒት ቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ኪሷ ከተተችው። «መጀመሪያ ለአባቴ ይነግሩታል።»

«ይሄ እኮ ማስገደድ ነው!»

«ነዋ! ምን መስሎዎት ነበር?»

በቢሮው ስልክ ለአባቷ ደውላ፣ ድምፁን ለቃ ፊቱ አስቀመጠችለት። አለቃው እየተንተባተበ ማን እንደሆነና ከተቋሙ እንደሚደውል ተናገረ። «ላሞችዎ ገንዲ ነበረባቸው፤ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እርስዎ አላስራቧቸውም» አለ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ! አሁን አባቷ ሲያወርድበት ልትሰማ ተዘጋጀች።

ሽማግሌው ግን አልጮኸበትም።

«ዛሬ ምን አስታወሰህ?» አለ።

«የልጄ ባዝራ... እሷንም ገንዲ ይዟታል።»

«ውይ፣ ምስኪን! መርፌ ወጋችኋት?»

አለቃው ተመራማሪዋን ቀና ብሎ አያት። «ገና ነው» አለ።

«ምን ማለት ነው ገና ነው? የታመመ እንስሳ አቁማችሁ እኔን ታወሩኛላችሁ? ልጄ የለችም እንዴ እዚያ? እሷ ብትኖር ደቂቃ አታስቆማትም ነበር፤ እኔ ነኝ ያሳደግኳት!»

ተመራማሪዋ «አለሁ፣ አባዬ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ቃሉን ትታ ቁልፉን ከኪሷ አወጣችና ወደ መድኃኒት ቁም ሳጥኑ ሮጠች።