ታሪክ እንዲህ አይወራም

ቀለም ቀቢዋ ሆን ብላ ወሬውን አበላሸችው።

«እና… ወንድሜን መቱት። ማለቴ አንድ ሰው ነው የመታው። እዚህ ከኋላ ባለው ቅያስ። ከዚያ ወደቀ። አይ፣ መጀመሪያ ጮኸ መሰለኝ።»

የምሳ ሰዓት ነው። የእንጨት ሥራ ቤቱ መጋዝ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ጣውላ ክምር ላይ ተቀምጠው ያላምጣሉ። ወንድሟ የመጋዙ ሠራተኛ ነበር። ከተመታ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ማን እንደመታው ጭራሽ አያስታውስም። ፖሊስም ምስክር አጣሁ ብሎ ነገሩን ትቶታል። እሷ ግን በር ገጣሚውን ትጠረጥራለች። ሰዉ «አፈ ጮሌ» ነው የሚለው። ከድብደባው በፊት በነበረው ቀን ወንድሟ የአፈ ጮሌን ወሬ መጨረሻ ቀድሞ ተናግሮበት ቤቱ በሳቅ አውካክቶ ነበር።

አፈ ጮሌ ሲያወራ ሰው የጎረሰውን መዋጥ ይረሳል። ሌላ ሰው ወሬ ሲያንሻፍፍ ደግሞ ያመዋል።

«ከዚያ ተነሳ… ወይ አልተነሳም» አለች።

«ኧረ በናትሽ። የሰው ደም ፈሶ እኔ እንቅልፌ መጣ። ታሪክ እንዲህ አይወራም» አለ አፈ ጮሌ።

«ታዲያ እንዴት ነው የሚወራው?»

«ከኮቴው ነዋ የሚጀመረው። ልጁ እያፏጨ ይሄዳል፤ ምንም አያውቅም። ሰሚው ግን ከኋላ ኮቴ ይሰማል። ልቡ ድው ድው ይላል።»

ማላመጡ ቆመ።

«የሚያመው ቦታ ላይ ስትደርሺ ደግሞ አታሩጪው። ጆሮ ግንዱን አለው። ልጁ ዞረበት፣ ግድግዳ ያዘ። ጥርስ ሲወልቅ ድምፁ ትንሽ ናት፤ እሷን አሰሚያቸው።» ዓይኑ በርቷል። «'ይቅርታ፣ ሁለተኛ አልቀድምህም' አለ ልጁ። ይሄኔ ሰሚው 'በቃ ተወው' ብሎ ይተነፍሳል። አትተዪዋ። ፀጉሩን ይዤ ከድንጋዩ ጋር አንዴ፣ ሁለቴ…»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ይዞ» አለ። «ይዞ ማለቴ ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሷ ተነስታ በሩ ላይ ቆመች። እሱ መሮ አነሳ።

«ዞር በይ፣ አንቺ ልጅ።»

«አልዞርም።»

ሰነዘረ። መሮው ክንዷን ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ቀደደው። እሷም ያገኘችውን መዶሻ አንስታ የእጁ አንጓ ላይ አሳረፈችው፤ አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። መሮው ወደቀ። መሮው ከወደቀ በኋላም ጉልበቱን አለችው፤ ሲንበረከክ መንጋጋውን ደገመችው። ሽማግሌው አናጢ ወገቧን ይዞ ጎተታት።

«በቃ ልጄ። ገደልሽው እኮ።»

ፖሊስ ተጠራ። አፈ ጮሌ ሰጋቱራው ላይ ተጠቅልሎ ደም ይተፋል።

«ከአፉ የሰማነውን ሁላችንም እንመሰክራለን» አለ ሽማግሌው ዝቅ ባለ ድምፅ። «መሮው ከወደቀ በኋላ ያደረግሽውን ግን ብንዘለውስ?»

ክንዷን በጨርቅ ጠቀለለችና ጫፉን በጥርሷ ጎትታ አሰረችው።

«አንዱን ከዘለላችሁ ሌላውን ማን ያምናችኋል፣ አባባ? ሁሉንም ተናገሩ። እኔም ልታሰር።»