ከኋላ የቆሙት

ስታዲየም ስጠርግ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ኳስ ሲመታ ግን አይቼ አላውቅም። ሰው ሲገባ እወጣለሁ፣ ሰው ሲወጣ እገባለሁ። እኔ የማውቀው ሰው ጥሎት የሄደውን ነው። በደህናው ቀን የፍሬ ልጣጭ፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ባንዲራ። ጠብ በነበረበት ቀን ጫማ። ጫማውም ሁልጊዜ አንድ እግር ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ጥሎ የሮጠ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ዓይን የሚሰጠው ግን ትምህርት ቤት አይደለም።

ልጄ ፖሊስ ነው፤ ኮማንደር ይሉታል። በግጥሚያ ቀን የሰሜኑን በር የሚያስጠብቀው እሱ ነው። አምና በዚያ በር ፊት ግርግር ተነስቶ አንድ አናጢ ተረግጦ ሞተ፤ የልጄም ሁለት የፊት ጥርሶች በድንጋይ ረገፉ። ከዚያ ወዲህ ግጥሚያ በመጣ ቁጥር ሁለት ነገር እፈራለሁ፤ ሞቶ እንዳይመጣ፣ ገድሎ እንዳይመጣ። የቱ ይብስብሻል ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ልጅቷ የመጣችው አናጢው በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። የጓሮውን ክፍል ተከራየች። ዩኒቨርሲቲ የሰው ጠባይ ታጠናለች፤ ያውም የአንድ ሰው አይደለም፣ የብዙ ሰው በአንድ ላይ። ደብተር ከእጇ ስለማይለይ እኔም ስሟን ትቼ ደብተር አልኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይቺ ሞኝ አይደለችም እንጂ አለቃቀቋ ግን ያው ነው።

"እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ከመጣሽ ጀምሮ ሌላ ሥራ አለሽ እንዴ?"

"ያሉኝን ጫማዎች የሚያገኟቸው የት የት ነው?"

መጥረጊያዬን አቆምኩ። መርማሪ ኮሚቴ የተባለ ሦስት ጊዜ መጥቷል። የክለቡን ሥራ አስኪያጅ ጠይቀዋል፣ ሐኪም ጠይቀዋል፣ ካሜራ የሚቀርጸውን ጠይቀዋል። እኔን "እማማ፣ ዞር በሉልን" ነው ያሉኝ። ስለ ጫማ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት ለማለት ነው።

ይዣት ሄድኩ። የሁለቱ ክለብ ደጋፊዎች ጎን ለጎን የሚቀመጡበትን ደረጃ አሳየኋት። "እዚህ በሃያ ስድስት ዓመት አራት ጫማ ባገኝ ነው።" ከዚያ ወደ ሰሜኑ በር አወጣኋት። "እዚህ ግን በጆንያ ነው። ፖሊሶቹ ከሚሰለፉበት ሃያ እርምጃ አይርቅም። ሁሉም አፍንጫው ወደ መንገዱ ነው፤ ወደ በሩ የዞረ የለም።" መርማሪዎቹ ጠቡን የፈለጉት ደረጃው ላይ ነበር፤ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

ደብተር እየሳለች፣ እየለካች፣ በጉልበቷ እየተንበረከከች ዋለች። ሲመሽ "እማማ፣ እርስዎ ያዩትን እኔ አራት ዓመት ያነበብኩት ይናገረዋል" አለችኝ። ሽንገላ መሰለኝ። ሽንገላ እንዳልሆነ ያወቅኩት ስታስረዳኝ ነው።

"በር ፊት ሁለት ሺህ ሰው ይቆማል እንበል። ልጁን ይዞ የመጣ አባት አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች። ጠብ ፈልጎ የመጣ ደግሞ ምናልባት አሥር ሰው አለ። አሥሩን ማንም አይሰማቸውም። አንዱ ጠርሙስ ይወረውራል። ፖሊስ ማን እንደወረወረ አይለይም፣ ሁሉንም በዱላ ይመታል። ያን ጊዜ የባንክ ሠራተኛውና ጠበኛው አንድ ወገን ይሆናሉ። አብደው አይደለም፤ ማን ከማን ጋር እንደሆነ ዱላው ነግሯቸው ነው።"

ይሄማ ገባኝ። አንድ ጊዜ የግቢያችን ባለቤት አንዷ ተከራይ ውሃ ታባክናለች ብሎ የሁላችንንም ቧንቧ ቆለፈ። ያቺን ሴት ሰላም የሚላት አልነበረም፣ እኔም ጭምር። በዚያ ሳምንት ግን እህታችን ሆነች፤ ባለቤቱን ደጁ ድረስ ሄደን ስንሰድበው ከፊት የመራችን እሷ ነበረች። ይህን ለደብተር ስነግራት ሳቀችና ጻፈችው። የኔን ሐሜት ደብተር ላይ ያሰፈረ ሰው አይቼ አላውቅም።

እሁድ ከሰዓት ልጄ ሊጠይቀኝ ሲመጣ አገናኘኋቸው። ገና ከመቀመጡ "ሕዝብ ሲሰበሰብ አውሬ ነው" አላት። "ያየሁትን ነው የምነግርሽ። አእምሮውን ቤቱ ጥሎ ነው የሚመጣው።"

ደብተር ድምፅዋን አላነሳችም። "ኮማንደር፣ አምና ድንጋዩ ከመወርወሩ በፊት እርስዎ ምን አዘዙ?"

"በትኑ አልኩ።"

"ለምን?"

"ጠርሙስ ተወርውሮ ነዋ!"

"በስንት ሰው?"

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። "እማ፣ ይቺን ከየት አመጣሻት?"

"እሷ ቤቷ ነው፤ እንግዳው አንተ ነህ። መልስላት" አልኩት።

"በአንድ" አለ፣ ቃሉን በተተከሉት ጥርሶቹ መሀል አውጥቶ።

የጠየቀችው ብዙ አልነበረም። ሄልሜቱና ጋሻው መኪና ውስጥ ይቆይ፣ ፖሊሶቹ ኮፍያ ያድርጉ። ሁለት ሁለት ሆነው ሰልፉ መሀል ይግቡ፣ ሰላም ይበሉ። አንድ ነገር ሲበላሽ ሰው ሳይጠይቅ ምክንያቱ ይነገረው፤ በተለይ ከኋላ ላለው፣ ከኋላ ያለው ምንም አያይምና። አንድ ሰው ካጠፋ አንዱ ይያዝ።

"በአሮጌው መንገድ ጥርሴን ሰጥቻለሁ፣ በአንቺ ደግሞ ጭንቅላቴን ልስጥ?" አላት።

"እኔም እዚያው እቆማለሁ" አለችው። "ከተሳሳትኩ የሚመጣውን እኩል እንቀበላለን።"

ይህን ስትል ደብተሯን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፊቷ አልተለወጠም። ልጄን ከወለድኩት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በጩኸት አይረታም፣ ፊት ለፊት የሚቆምለትን ሰው ግን ያከብራል። ለዋንጫው ጨዋታ እሺ አለ።

የጨዋታው ቀን የተቀመጥኩት በሩ አጠገብ ባለችው የጥበቃ ክፍል ነው፤ ከመስኮቷ ሁሉም ይታያል። መጀመሪያ ነገሩ ሠርግ ሠርግ ይል ነበር። ፖሊሶቹ ኮፍያ አድርገው ሰው መሀል ይዞራሉ። ሆዱ ከበሮ የሚያክል፣ ደግሞም ከበሮ የሚመታ የደጋፊዎች መሪ አለ፤ "ኮማንደር፣ ሄልሜቱን ሚስትህ ድስት አደረገችው እንዴ?" ሲለው ልጄ እንኳ ሳቀ።

ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሰው አንድ በአንድ የሚያሳልፈው የመግቢያው መዞሪያ ብረት ተቆለፈ። አንድ አይደለም፣ ሦስቱም። ከፊት ያለው ቆመ፣ ከኋላ ያለው ግን እየመጣ ነው። ድምፅ ማጉያ የጫነው መኪና ይጮሃል፣ "ታገሱ፣ ብረቱ ተበላሽቷል!" የሚጮኸው ግን ለማን ነው? ሹፌሩ እንደ ልማዱ መኪናውን አለቃው አጠገብ፣ በሩ ሥር አቁሞታል። በዚያ መሥሪያ ቤት ደንቡ ይሄ ነው፤ የሚናገር ሰው አለቃ አጠገብ ይቆማል። እናም ብረቱን በዓይናቸው ለሚያዩት ብረት ተበላሸ ተብሎ ይነገራቸዋል። ከአጥሩ መታጠፊያ ወዲያ ያለው ሰው ጩኸት እንጂ ቃል አይሰማም።

ከልጄ ጎን የቆመችው ደብተር ግንባሯን በመዳፏ መታች። "ድምፁ! ከኋላ ይሁን ብዬ ጽፌ ሰጠሁ፣ ሄጄ ግን አላየሁም!" ጥፋቷን ለማንም አላካፈለችም። ልጄን "ጨዋታውን ያዘግዩልን፣ ይጠይቁ!" አለችው። በሬዲዮው ጠየቀ፤ ሃያ ደቂቃ ተፈቀደ። የእጅ ማጉያ ነጥቃ፣ ሁለት ባለ ኮፍያ ፖሊሶች አስከትላ፣ በአጥሩ ጥግ እንደ መርፌ ገባች።

ብዙ ቆይቶ መታጠፊያው ላይ፣ የሲሚንቶ ግንብ ላይ ቆማ አየኋት። ቀጭን ድምፅዋ እስከ እኔ መጣ።

"የመግቢያው ብረት ተበላሽቶ እየተጠገነ ነው! ጨዋታው ሃያ ደቂቃ ዘግይቷል፣ የሚያመልጣችሁ የለም! ከፊት ሕፃናት አሉ፣ መተንፈስ አቅቷቸዋል! ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ በሉልን!"

"ውሸታም!" አለ አንዱ። "አምናም እንዲህ ብላችሁን ነበር!"

"አምና ማንም ምንም አላላችሁም! ጥፋቱም እሱ ነበር!"

ፖሊስ አጠገቧ ቆሞ ይህን መናገር! እኔ አፌን ይዤ ቀረሁ። ሰዉም ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ እውነት ሲነገረው የማይደነግጥ ሰው የለም።

ልክ በዚህ ሰዓት ከፊት ጠርሙስ መጣ። የልጄን ግንባር አገኘው። ደሙ በቅንድቡ ላይ ወረደ፣ ኮፍያው ወደቀ። የፖሊሶቹ እጅ ሁሉ ዱላ ላይ ሄደ፤ ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። አንድ ቃል ነው የሚጠብቁት። ያቺን ቃል አምና ብሏታል። እኔ መስኮቱን ይዤ፣ ጸሎት እንኳ ጠፋኝ። ከዚህ ቢገፉ ሰዉ ወደ ኋላ ይደረመሳል፤ ከኋላ ደግሞ ግንቡ ላይ ልጅቷ አለች።

ልጄ ደሙን በክንዱ ጠርጎ ወደ መታጠፊያው አየ። አያት።

"ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ!" አለ። "የወረወረውን አንዱን ብቻ! ሁለታችሁ ግቡ፣ ዱላ የለም!"

ሁለቱ ገቡ። እናንተ፣ ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው! "ይሄ ነው! ይሄ!" እያለ እጁን ይዞ ያስረከባቸው የዚያው ክለብ ደጋፊ ነው። አንዷ ሴት "ልጄ መሀላችን አለ፣ አታፍርም?" ብላ ወርዋሪውን ስታፋጥጠው፣ እሱ ከፖሊሱ ይልቅ እሷን የፈራ መሰለኝ። ከወዲያ በኩል ባለ ከበሮው "እኔ ይህን ሆድ ይዤ ሦስት እርምጃ ከሄድኩ እናንተ እነማን ናችሁ!" እያለ ወደ ኋላ ተራመደ። ሳቁ እንደ ውሃ ወደ ፊት መጣ፤ ከሳቁም ኋላ ክፍተቱ። በበሩ ተጣብቀው የነበሩት ሲተነፍሱ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

ብረቱ ተጠገነ፣ ሰው ገባ። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቅኩም።

ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን ፀሐይ ገና አልገባችም። ልጄ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግንባሩን በፋሻ እጠቀልላለሁ፤ ደብተር አጠገቡ ውሃ ትጠጣለች፣ ድምፅዋ ተዘግቷል።

"እማ" አለኝ።

"ምን?"

"አምናም እንዲህ ብናገራቸው ኖሮ አናጢው..."

ምን እንድለው እንደፈለገ አውቃለሁ። ቀኑ ደርሶ ነው እንድለው ነው። ሌላ እናት ትለው ይሆናል።

"አዎ" አልኩት። "ቤቱ ይገባ ነበር።"

ደብተር በድንጋጤ አየችኝ። ሁለት ሺህ ሰው ፊት ያልፈራች ልጅ እኔን ፈራችኝ። "ኮማንደር፣ ያኔ አያውቁም ነበር" አለች በተዘጋው ድምፅዋ።

"አሁን ግን አውቃለሁ" አለ።

ፖሊሶቹን ጠርቶ ደረጃው ላይ አስቀመጣቸው። "ንገሪያቸው" አላት። እሷ ራሷን ነቀነቀች። "እርስዎ ይንገሯቸው። ከእርስዎ ይሰሙታል።" ይቺን ልጅ ያከበርኳት ግንቡ ላይ ስትወጣ ነው ብላችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል፤ እዚህ ጋ ነው። ሊያስጨበጭብላት የሚችለውን ሰዓት ለሌላ ሰጠች።

ልጄ ፋሻው ደም እንዳዘለ ፊታቸው ቆመ። ሁለት ጊዜ ጀምሮ ተወው። ከዚያ አለ፦

"አምና እዚህ ቦታ አንድ ሰው ሞቷል። ሕዝቡ አብዶ ነው ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ። ሕዝቡ አላበደም። በትኑ ያልኩት እኔ ነኝ።"