እንደገና አንደኛ ዓመት

የሁለቱም ቅጾች ማስገቢያ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። አንደኛው የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ማስተርስ ነው፤ ሁለት ዓመት፣ ከሥራ በኋላ የሚሰጥ፣ የመጀመሪያ ዲግሪህ የምንም ይሁን የምን የሚቀበል። ሌላው ሲቪል ምሕንድስና ነው፤ ከሀ ጀምሮ፣ አራት ዓመት፣ ቀን ቀን፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ ከወጡ ልጆች ጋር። እኔ በማኔጅመንት ተመርቄ አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ አምስት ዓመት የሥራ መርሐ ግብር ሳወጣ ኖሬያለሁ። የትኛው ወለል በየትኛው ቀን ኮንክሪት እንደሚሞላ አውቃለሁ። ለምን እንደማይወድቅ ግን አላውቅም። የሰለቸኝ ይኸው ነው።

የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው። የትምህርት ቤት ጸሐፊ ስለሆነች በዕድሜዋ ያልሞላችው ቅጽ የለም። ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን ወረቀቶች አገላበጠቻቸው።

«ይኼኛውን ማነው በስህተት የሰጠሽ?»

«በስህተት አይደለም እትዬ። ራሴ ነኝ የወሰድኩት።»

«ዲግሪ እኮ አለሽ!»

«የማኔጅመንት ነዋ።»

«ዲግሪ ዲግሪ ነው። ሰው ወደ ላይ ይማራል እንጂ ወደ ጎን ይማራል እንዴ?» የምሕንድስናውን ቅጽ እንደ እርጥብ ካልሲ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ መለሰችልኝ። «እኔ ለመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ማስተርስ ልትጀምር ነው ብዬ ጨርሻለሁ። ዳይሬክተሩ ራሱ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎኛል።»

«እሱ ይማራ እንግዲህ።»

«አፍሽን ያዢ! ደግሞ አንደኛ ዓመት ገብተሽ ልጆቹ እናታችን ቢሉሽስ?»

«ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው እኮ።»

«ለእነሱ ያው ነው።»

ሳቄ መጣ። እውነቷን ነው። እሷን የከበዳት የሰው ወሬ ሲሆን እኔን የከበደኝ አራት ዓመቱ ነበር። ሻይ እስኪበርድ የማልጠብቅ ሰው ነኝ። ስለዚህ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ማስተርሱን ሞላሁት። የቀረኝ የአለቃዬ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

አለቃዬ የፕሮጀክት ኃላፊ ናቸው፤ ሃምሳን የተሻገሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ደግ ሰው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸው የታሪክ ነው። እዚያ ወንበር ላይ ያደረሳቸው እኔ ልማረው የነበረው ማስተርስ ነው። አንድ ልማድ አላቸው። ሰው ፕላን ይዞ ሲመጣ ዘርግተው አያዩትም። ጥቅሉን በእጃቸው እንደያዙ፣ «እስቲ አንተ አስረዳኝ» ይላሉ። ሠራተኛውም ተከብሬ ተጠየቅሁ ብሎ ደስ ይለዋል። እኔ ይህን አምስት ዓመት ሙሉ ትሕትና ነው ስል ኖሬያለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ደብዳቤዬን ፈርመው ሰጡኝ። «ማስተርሱን ስትጀምሪ ምክትሌ ትሆኛለሽ። ልምምዱ ከዛሬ ይጀምር» አሉና፣ እሳቸው ስብሰባ ስላለባቸው የሁለተኛው ፎቅ በረንዳ ኮንክሪት እንዲሞላ እንድፈቅድ ወደ ሳይት ላኩኝ። ሥራው አንዲት ወረቀት ላይ መፈረም ነበር።

ስደርስ የኮንክሪቱ መኪና በር ላይ ቆሞ ሆዱን ያዞራል። ፎርማኑ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ፕላኑን ጣውላ ላይ ዘረጋልኝ።

«ደረስሽልኝ እህቴ። አየት አድርጊና ፈርሚልኝ፤ መኪናው እየጠበቀ ነው።»

በረንዳው ከሕንጻው ወጥቶ አየር ላይ የሚንጠለጠል ነው። ፌሮው፣ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀበረው ብረት፣ ታስሮ አልቋል። ወፍራሞቹ ከታች፣ ቀጫጭኖቹ ከላይ። ፕላኑን አየሁት። መስመር፣ ክብ፣ ቀስት፣ ቁጥር። ወረቀቱን ገልብጬ ብይዘው እንኳ ልዩነቱ አይታወቀኝም ነበር። ፎርማኑ ፊቴን እያየ ነው። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝና አልኩ።

«እስቲ አንተ አስረዳኝ።»

ፎርማኑ ሳቁን መያዝ አቃተው። አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ፌሮ የሚያስረው ሰውዬም አንገቱን ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«አንቺም ጀመርሽ?»

«ምኑን?»

«አስረዳኝን ነዋ! አለቃችንን ዘጠኝ ዓመት አስረድቻቸዋለሁ እኮ። ይኼኔ አስተማሪ ብሆን ስንት ዶክተር አውጥቼ ነበር።»

«ፕላን ማንበብ አይችሉም?»

«እኔ አልወጣኝም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ ትችያለሽ?»

«አልችልም» አልኩት። ስናገረው ካሰብኩት በላይ ቀለለኝ። «አንተስ? ወፍራሙ ከታች ለመሆኑ እርግጠኛ ነህ?»

«ሁልጊዜ ከታች ነው የምናስረው። አይደል?» አለ ወደ ፌሮ አሳሪው ዞሮ።

«ሁልጊዜ» አለ ሰውዬው።

«ስለ ሁልጊዜ አልጠየቅሁም። እዚህ በረንዳ ላይ።»

ፎርማኑ ፕላኑን ወደ ግራ አዞረው። ቀጥሎ ወደ ቀኝ አዞረው። ሳቁ ጠፋ።

«መኪናውን መልሰው» አልኩ።

«ምን? ኮንክሪቱ እኮ ይደርቃል! ሹፌሩ በቁሜ ይበላኛል!»

«ወደ እኔ ላከው።»

ንድፉን የሠራችው መሐንዲስ ጋ ደወልኩ። በሦስተኛው ጥሪ አነሳች። የታሰረውን ፌሮ ፎቶ ስልክላት መልሳ ደወለችና ሰላምታም አልሰጠችኝም።

«ማነው ይኼን ያሰረው? በረንዳው ተንጠልጣይ ነው! የሚሳበው ላዩ ነው፤ የሚሰነጠቀውም ከላይ ነው። ወፍራሙ ብረት ከላይ ነው! ወረቀቱ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል እኮ፤ እናንተ ቤት የሚያነብ ሰው የለም?»

ፌሮው ተፈትቶ እንደገና እንዲታሰር ለፎርማኑ ነገርኩት። 

ከሰዓት ቢሮ ተመልሼ ለአለቃዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መኪናውን ስለመለስኩ ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

«አየሽ? ማስተርሱ ይበቃሻል የምልሽ ለዚህ ነው። ኃላፊ የሆነ ሰው ሁሉን ማወቅ የለበትም። ማንን እንደሚጠይቅ ካወቀ በቂ ነው።»

ለአፍታ አሳምነውኝ ነበር። በረንዳውን ያዳንኩት ሳላውቅ ነው፤ ሁለት ዓመት ደግሞ ቶሎ ያልፋል።

«መሐንዲሷ ስልኳን ባታነሳስ ኖሮ?» አልኩ።

«ሌላ ሰው ትጠይቂያለሻ።»

«እርስዎ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት?»

የብዕራቸውን ክዳን ከፍተው ዘጉት። «ሁለት ሰው እጠይቃለሁ። ሁለቱ ከተስማሙ እፈርማለሁ።»

«ዛሬ ፎርማኑና ፌሮ አሳሪው ተስማምተው ነበር።»

 በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት በረንዳ ላይ እንደፈረሙ እያሰቡ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ የምፈርምባቸውን አሰብኩ። ሰው የሚቆምባቸው፣ ልብስ የሚያሰጣባቸው፣ ሕፃን ታቅፎ የሚወጣባቸው በረንዳዎች። የድጋፍ ደብዳቤውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩት።

«ይኼ አያስፈልገኝም። የምሕንድስናውን ቅጽ ነው የማስገባው።»

«ያኛው አራት ዓመት ነው። ምክትልነቱ ደግሞ አይጠብቅሽም።»

«አውቃለሁ።»

«አንቺ እኮ አሳንሰር እንኳ መጠበቅ አትችዪም!»

«በእግሬ እወጣለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ሬጅስትራር ቢሮ ሄድኩ። መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ የተቀመጠችው ሴት ቀና ብላ አየችኝና ወደ ጎን ጠቆመችኝ። «ማስተርስ እዚያኛው ጋ ነው።»

«የአንደኛ ዓመት ነው የምፈልገው።»

«ለታናሽሽ ነው? ራሱ መምጣት አለበት።»

«ለራሴ ነው።»

የቀድሞ ውጤቴን ተቀብላ በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረች ወረደች። ከእንግሊዝኛና ከኢኮኖሚክስ ነፃ አወጣችኝ። «ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ንድፍ፣ እነዚህ ግን ከመጀመሪያው ነው። ሰኞ ሁለት ሰዓት ንድፍ አለሽ። ማስመሪያ ይዘሽ ነይ» አለችና ማኅተሟን አሳረፈችበት።

ደጅ ወጥቼ አክስቴ ጋ ደወልኩ። አንደኛ ዓመት መመዝገቤን ነገርኳት።

«እኔ ለዳይሬክተሩ ምን ልበለው?»

«እንኳን ደስ ያለሽን ያቆይልሽ፤ ከአራት ዓመት በኋላ እንቀበለዋለን።»

«አንቺ ልጅ ትገድዪኛለሽ» አለች። ቀጥላ፣ «ማስመሪያ እዚህ ቢሮ ሞልቷል፤ ገንዘብሽን እንዳታባክኚ» ብላ ዘጋችው።

ከሰዓት የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤዬን ለአለቃዬ ይዤ ገባሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«በሩን ዝጊው» አሉ።

ዘጋሁት።

«ይኼ የንድፍ ትምህርት በየትኞቹ ቀናት ነው?»

«ሰኞና ረቡዕ ጠዋት።»

ደብዳቤዬን አጣጥፈው ወደ ጎን አኖሩት። «ማስታወሻሽን አንዳንዴ ብታውሺኝ... ለራሴ ነው። ማንም ባያውቅ ደስ ይለኛል።»

ደግ ሰው ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልጮኹብኝም። እሺ ማለት ቀላል ነበር።

«አላውስም» አልኳቸው። «በሌላ ሰው ማስታወሻ የሚማሩት ያንኑ አስረዳኝን ነው። መስኮት ቁጥር ሦስት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። አሁን ዘጠኝ ተኩል ሆኗል።»

ስሞላ ብሳሳት ብዬ ያመጣሁት አንድ ትርፍ የአንደኛ ዓመት ቅጽ ነበረኝ። ፊታቸው ዘርግቼላቸው ወጣሁ።