የማይፈታ ፔርሙስ

ታላቋ እህት በቤት ዕቃ ፋብሪካው ዲዛይነር ሆና ስትሠራ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰው ቤት ገብታ ባልዲ ካየች፣ የሳህን ማድረቂያ ካየች፣ የልብስ ቅርጫት ካየች፣ «ይቺ እጀታ እኮ የኔ ናት» ትላለች በሆዷ። አፍ አውጥታ አትልም፣ ጉረኛ መባል አትወድም። ጉራው ግን የትም አልሄደ፤ ሆዷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይበላል ይጠጣል።

ታናሿን ሚጣን እዚያው ፋብሪካ ያስገባቻት ራሷ ናት። «እህቴ ናት፤ እጇ ወርቅ ነው፤ ብታጠፋ በኔ ይሁንብኝ» ብላ ሥራ አስኪያጁን የለመነችው እሷ። ንድፍ አወጣጡን፣ ሞዴል አሠራሩን ያሳየቻት እሷ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሰው ሁሉ ሚጣን «የታላቋ እህት» ይላት ነበር። ከዚያ ነገሩ ቀስ እያለ ዞረ። አንድ ቀን አዲስ የተቀጠረች ጸሐፊ ታላቋን ኮሪደር ላይ አግኝታ፣ «አንቺ የሚጣ እህት አይደለሽ?» አለቻት። ታላቋ ሳቅ ብላ «ነኝ» አለች። ያን ቀን ምሳዋን አልጨረሰችም።

እንዲህ እያለ አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ጠርቶ ጠረጴዛው ላይ ፔርሙስ አቆመ። አንስቶ ሲነቀንቀው ውስጡ ኮሽ ኮሽ አለ።

«ይኼን ባለቤቴ ትናንት ልትጥለው ስትል ነው የነጠቅኳት» አለ። «ቆርቆሮው ደህና፣ ክዳኑ ደህና፣ እጀታው ደህና። የተሰበረው የውስጡ ብርጭቆ ብቻ ነው። ቆሻሻ መጣያው ሁሉ በኛ ፔርሙስ ሞልቷል። የማይጣል ፔርሙስ አምጡልኝ። ለየብቻ ሥሩ፤ በስምንት ሳምንት ውስጥ አንዱን መርጠን እናመርታለን።»

«ለየብቻ?» አለች ታላቋ።

«ለየብቻ። አብራችሁ ከሆነ ይቺ ያንቺን እየደገመች ትቀራለች።»

ታላቋ ይቺን ቃል እንደ ከረሜላ እያላመጠቻት ወጣች።

ሥራዋን ወዲያው ጀመረች። የሷ ሐሳብ ሰው የሚወደውን አይጥልም የሚል ነው። የተፈጨ አሮጌ ፕላስቲክና ቀርከሃ አዋህዳ ፔርሙሱን ልብስ አለበሰችው። መገጣጠሚያው የት እንደሆነ ዐይን አያገኘውም፣ ሁሉንም በሙጫ አጣብቃ አለስልሳዋለች። ያየው ሁሉ ሳይዳስሰው አያልፍም ነበር።

ሚጣ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት መስመር አላሰመረችም። ቦርሳዋን ይዛ ትወጣለች፤ ቆሻሻ መጣያው በር ላይ ትቆማለች፣ ዕቃ ጠጋኞች ጋ ሄዳ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ሰው ቤት እያንኳኳች «እመቤት፣ ፔርሙስዎ በምን ሞተ?» ብላ ትጠይቃለች። አንዷ ሴትዮ፣ «የኔ ልጅ፣ ሐኪም ነሽ ወይስ ቀባሪ?» አለቻት አሉ። ሚጣ ስድሳ ሁለት የሞተ ፔርሙስ ቆጠረች። አርባ ስምንቱ የሞተው በብርጭቆ ነው። ጠጋኞቹ ሁሉ ያሏት ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ ብርጭቆ መቀየር ቀላል ነበር፣ ግን ዕቃው አይፈታም።

ተመልሳ መጥታ ከጠረጴዛዋ በላይ ወረቀት ለጠፈች። «የማይፈታ ዕቃ አልሠራም» ይላል።

ሻለቃ የሚሏቸው የማሽን ክፍሉ ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። «አንቺ ልጅ፣ ገና ሳታገቢ መፍታት ተማርሽ? ማነው እሱ ምስኪን ባል!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሚጣም ሆዷን ይዛ ሳቀች። ታላቋም ሳቀች፣ በጥርሷ።

የሚጣ ፔርሙስ ሲያዩት አያምርም። ወፍራም ነው፣ ቂጡ ላይ ትልቅ ጥርስ ያለው ክዳን አለው። ነገር ግን ያንን ክዳን በእጅ ሦስት ጊዜ ካዞሩት ሁሉም ነገር ይወጣል፤ ብርጭቆው ለብቻ፣ ቆርቆሮው ለብቻ። ሕፃን ይፈታዋል፣ ሕፃን ይገጥመዋል። ሻለቃ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የታላቋን ሥራ አይተው «ደህና ነው» ከማለት አልፈው አያውቁም። የሚጣን አምስት ጊዜ ፈትተው አምስት ጊዜ ከገጠሙት በኋላ ግን፣ «ይኼ ሥራ ነው» አሉ።

ታላቋ ከአጠገባቸው ቆማ ነበር። ስትሰማቸው ቃላቸው እንደ ትኩስ ፍም አቃጠላት። ይበልጥ ያቃጠላት ደግሞ ሽማግሌው እውነታቸውን መሆኑ ነው። የሚጣ ሥራ ከሷ ሥራ ይበልጣል። ከማንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት፤ ዲዛይነር አይደለችም እንዴ?

በማግስቱ ሚጣ አንድ ጥቁር የጎማ ቀለበት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ አንገቱ ላይ በብርጭቆውና በቆርቆሮው መሀል የሚገባውን ቀለበት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ካላማዳሪያ ቆረጥኩት። የሚጣል ነገር ነበር እኮ! አንቺ ሞክረሽው ታውቂያለሽ?»

ታላቋ ሞክራዋለች። ከሰባት ዓመት በፊት ሌላ ፔርሙስ ስትሠራ ይህንኑ ካላማዳሪያ ይህንኑ ቦታ ላይ ሞክራ፣ ለጥቂት ሳምንት ደህና ይዞ ከዚያ በሙቀቱ ደርቆ ተሰነጣጥቆባታል። መፍትሔውንም አግኝታለች። ወተት ማቀነባበሪያው ከማሽኖቹ እየፈታ በየወሩ የሚጥለው ነጭ ሲሊኮን አለ፤ እሱን ቆርጣ ሦስት መቶ ጊዜ ሙቅ ውሃ ሞልታ ሞክራዋለች፣ ጠብ አላለም። ያ ፔርሙስ በሌላ ምክንያት ሳይመረት ቀረ። ሁሉም ነገር በአረንጓዴ ደብተሯ ላይ ከነቀኑ ተጽፏል። ደብተሩ ያለው መሳቢያዋ ውስጥ ነው፤ መሳቢያው ደግሞ ጉልበቷን እየነካው ነው።

«አላስታውስም» አለች።

«እንግዲህ እሞክረዋለሁ» ብላ ሚጣ እየተፍነከነከች ሄደች።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የታላቋ ግን እያደር ከበደ። ማታ ማታ እናታቸው ሁለቱን አስከትለው ሲጸልዩ፣ «ከክፉ ሁሉ ሰውረን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ምላሷ ይያዛል። እናታቸው አንድ ዐይናቸውን ገልጠው ያዩዋትና መልሰው ይጨፍናሉ።

ስምንት ሳምንቱ አለቀና ሁለቱ ፔርሙሶች በሥራ አስኪያጁ ክፍል ቀረቡ። ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። መጀመሪያ የታላቋ ታየ። ከእጅ እጅ እየዞረ «ውይ ሲያምር!» ተባለለት።

«ብርጭቆው ቢሰበርስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«አያስጥልም» አለች ታላቋ። «ውብ ስለሆነ አበባ ይቀመጥበታል።»

«የኔ እመቤት፣ እኔ ያዘዝኩት ፔርሙስ ነው። ለአበባ ማስቀመጫ ሌላ ቀን እጠራሻለሁ።»

ሰው ሳቀ። የታላቋ ጆሮ ጋለ።

ሚጣ የራሷን ይዛ ተነሣች። ይኸኛው መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ ሠራተኛው ሻይ ሲቀዳበት የከረመ ነው። ከቂጡ ፈታችው፣ ብርጭቆውን አወጣች፣ ሌላ ብርጭቆ አስገባች፣ ገጠመችው። ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ጭብጨባው ቀለጠ። ሥራ አስኪያጁ ደስ ብሎት ሙቅ ውሃ አስሞላና ራሱ ሊቀዳ አነሣው። አንድ ብርጭቆ ቀዳ። ሁለተኛውን ሲቀዳ ውሃው በአንገቱ ቀለበት ሾልኮ፣ በቆርቆሮው ውስጥ አልፎ፣ በቂጡ በኩል ፊጭ ብሎ ሱሪው ላይ ፈሰሰ።

«ኧረ እናቴ!» ብሎ ከወንበሩ ዘለለ።

ታላቋ ደስ አላት። እግዚአብሔር ይቅር ይበላት፣ ደስ አላት። ልቧ እንደ ጥጃ ቦረቀ። ከዚያ የሚጣን ፊት አየችና ዐይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሥራ አስኪያጁ ሱሪውን በመሐረብ እየጠራረገ ፍርዱን ሰጠ። «መፈታቱን ወድጄዋለሁ። የሚያፈስ ግን አልሸጥም። እስከ ዓርብ አስተካክይው። ካልሆነ የታላቅሽን እናመርታለን።»

ዛሬ ሰኞ ነው። ታላቋ ማድረግ ያለባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራት ቀን ዝም ማለት። ዝም ማለት ደግሞ ኃጢአት ነው እንዴ? አልሰረቀች፣ አልሰበረች። መንገዱን ሁሉ ይህንን እያለች ራሷን ስታባብል ቤት ደረሰች።

ሚጣ ወጥ ቤቱን ወረሰችው። ከካላማዳሪያው ወፍራሙንም ስሱንም እየቆረጠች በድስት ትቀቅላለች፣ ቶሎ እንዲያረጅ። ቀለበቱን ትገጥማለች፣ ሙቅ ውሃ ትሞላለች፣ ትደፋለች። ያፈስሳል።

«ልጄ፣ ጎማ ትቀቅያለሽ? የሚበላ አጣን እንዴ?» አሉ እናታቸው። ወደ ታላቋ ዞሩና፣ «አንቺስ ታላቅ አይደለሽ? እርጃት እንጂ!»

«ውድድር ነው እማዬ።»

«የምን ውድድር? ከአንድ ጡት ጠብታችሁ!»

ረቡዕ ከሥራ መልስ ታላቋ ወጥ ቤት ስትገባ ሚጣ አውራ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ ቁጭ ብላለች። የፈላ ውሃ ነው ያቃጠላት። እናታቸው ቅባት ይፈልጋሉ። ጠረጴዛው ላይ ፔርሙሱ ተበታትኖ ተኝቷል፤ ከጎኑ የሙጫ ቱቦ አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለች ታላቋ።

«ተሸንፌያለሁ እትዬ» አለች ሚጣ። ድምፅዋ ውስጥ እንባ አለ። «ካላማዳሪያው ልክ ነው፣ አቆራረጤ ነው የማይረባ። አንገቱን በሙጫ ላጣብቀው ነው፣ ቢያንስ አያፈስም። ያንቺም እኮ የተጣበቀ ነው፤ ሰው ወዶታል።»

ቱቦውን አነሣች።

ታላቋ ያንን ፔርሙስ አየችው። ከተጣበቀ እንደማንኛውም ሌላ ፔርሙስ ይሆናል፤ ብርጭቆው ይሰበራል፣ ይጣላል። በዕድሜዋ ካየቻቸው ዕቃዎች ሁሉ የበለጠው ዕቃ በሷ አንዲት ቃል ዐይኗ ሥር ሊሞት ነው። ከእህቷ ይልቅ መጀመሪያ ያዘነችው ለዕቃው ነው፤ እውነቱ ይህ ነው።

«እንዳታጣብቂው!» ብላ ጮኸች።

እናታቸው ቅባቱን እንደያዙ ቆሙ።

«ካላማዳሪያ ሙቀት አይችልም። አቆራረጥሽ ምንም አልሆነ። ነጭ ሲሊኮን ነው የሚያስፈልግሽ፤ ወተት ማቀነባበሪያው በየወሩ ይጥለዋል። ሦስት መቶ ጊዜ ተሞክሯል።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሰባት ዓመት።»

ሚጣ ቱቦውን አስቀመጠች። «ስጠይቅሽ አላስታውስም አልሽኝ።»

«አስታውሼ ነበር።»

«ለምን እትዬ?»

ታላቋ ብዙ ምክንያት ነበራት፤ ሁሉንም ተወችው። «ያንቺ ከኔ ስለበለጠ» አለች።

እናታቸው ረጅም ተንፍሰው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» አሉ።

«እሱ ይፍታት» አለች ሚጣ እየተነሣች። «እኔ ግን ብሎኗንም አልነካም!» እጇን ዘረጋች። «ደብተሩን አምጪ።»

ሐሙስ ቀን ሙሉ አላናገረቻትም። ቁርስ ላይ ጨው ስትፈልግ እንኳ፣ «እማዬ፣ ጨው በያት» አለች። እናታቸውም ከአንዷ ወደ አንዷ ጨው ሲያመላልሱ፣ «በሽምግልናዬ ፖስተኛ አደረጋችሁኝ» እያሉ አጉረመረሙ።

ዓርብ ሁሉም ተመልሶ ተሰበሰበ። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ወንበሩን ከጠረጴዛው አርቆ ነው የተቀመጠው። ሚጣ ነጩን ቀለበት አስገብታ ገጠመች፣ ሞላች፣ ቀዳች፣ ገለበጠች፣ ነቀነቀች። አንዲት ጠብታ የለም። ከዚያ አረንጓዴውን ደብተር ከፈተች። ታላቋ ደነገጠች፤ ገጹ ላይ ቀኑ አለ፣ ሰባት ዓመቱ አለ። ሚጣ ግን የታሰረውን አውራ ጣቷን ቀኑ ላይ አሳርፋ አነበበች።

«ሦስት መቶ ጊዜ ተሞልቶ አላፈሰሰም። ሙከራው የእህቴ ነው።»

«የታላቋ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። ወደ እሷ ዞረ። «ታዲያ ይኼን እያወቅሽ ሱሪዬ እስኪበሰብስ ለምን ዝም አልሽ?»

ሚጣ መሬት መሬት አየች። ታላቋ መዋሸት ትችል ነበር፤ ቀኑ እንደሁ ተሸፍኗል።

«ቀንቼ ነው» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሳቁን ለቀቀው። «ይቺ ሴትዮ ቀልድ ታውቃለች ለካ!» አለ፤ ሰው ሁሉ ተከትሎት ሳቀ። ሻለቃ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸውን ጠረጉ። የታላቋ እውነት በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ወጥታ ቀልድ ሆና ቀረች። ያልሳቀች ሚጣ ብቻ ናት።

የሚመረተው የሚጣ ሆነ። እንደገና ተጨበጨበ፤ ታላቋም አጨበጨበች። ጭብጨባው አሁንም ይወጋል፤ እንደ እሾህ፣ እዚያው ቦታ ላይ። ተናግሬ ተገላገልኩ ብላ ነበር፣ ቅናት ግን በአንድ ቀን ሻንጣውን ይዞ የሚወጣ እንግዳ አይደለም። «አምላኬ፣ ቀስ እያልክም ቢሆን አውጣልኝ» አለች በልቧ። ይህችን ጸሎት ስትል ምላሷ አልተያዘም።

ሰው ሲበተን ሚጣ ብርጭቆዎቹንና ቆርቆሮዎቹን በካርቶን ሞልታ ታቀፈችና ወደ በሩ ሄደች። ሁለት እጇ ተይዟል። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች፣ ዞር ሳትል።

«በሩን ያዢልኝ» አለች።

ታላቋ ቶሎ ብላ ሄዳ ያዘችላት።