የአውስኪዎች ረድፍ

የበጎች ገበያ ባለቀ በማግስቱ፣ በጥቅምት ወር አንድ እሑድ፣ ከጠዋቱ ጸሎት በኋላ መጠጥ ቤቱ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፤ ሽማግሌው አይዛክ አውስኪ፣ እኅታቸው ማርጀሪ፣ ቄስ ላንግሪጅ፣ የቤቱ ባለቤት ቤሪል፣ እኔ፣ እና ከኮቨንትሪ ከተማ የመጣ ኮሊን የሚባል ሰው። የኮሊን አባት ስታንሊም ነበሩ። እሳቸው ግን ሞተው፣ አስከሬናቸው ተቃጥሎ፣ አመዳቸው ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ኮሊን ቆርቆሮውን መሬት ላይ ማስቀመጥ ነውር መስሎት አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ አስቀምጦት ነበር።

ኮሊንም ስሙ አውስኪ ነው። ችግሩ፣ ይህንን አያውቅም።

ስሙ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አሥራ ሁለት ፊደል አለው። ሲጠራ አውስኪ ብቻ ነው። የቀሩት ፊደላት ለምን እንደተቀመጡ የሚናገር ሰው አላገኘሁም፤ መሄጃ እንደጠፋው እንግዳ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ከውጭ የመጣ ሰው እንደ ፊደሉ ሊያነበው ሲሞክር ምላሱ ይተሳሰራል። ድሮ ያስተማሩን መምህር “የኡልፍ ጫካ ማለት ነው” ይሉ ነበር። ኡልፍ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጫካውም ተቆርጦ ካለቀ ቆይቷል፤ ዛሬ በግ ይግጥበታል።

ከጅረቱ ወዲህ ባሉት ሦስት እርሻዎች ድሮ ሁሉም አውስኪ ነበር። ከጅረቱ ወዲያ አንድም አልነበረም። የእኛ ተራራ አጥር የለውም፤ ግልገል እናቷ የጋጠችበትን ትለምድና ዕድሜዋን ሙሉ ከዚያ አታልፍም። አውስኪዎችንም እንደዚያ ናቸው ይሏቸው ነበር። እያደር ሦስቱ እርሻ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ ሆነ፤ በዚያችው በአንዷ ላይ አይዛክ ብቻ ቀሩ። አላገቡም። ማርጀሪ ሲያገቡ የባላቸውን ስም ያዙ። ባላቸው ሲሞቱ ወደ እርሻው ተመለሱ፤ ስሙ ግን አብሯቸው አልተመለሰም።

ኮሊን የመጣው ለአባቱ መቃብር ሊለምን ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተሰሜን ካቡን ተከትሎ የሚሄድ የመቃብር ረድፍ አለ፤ አውስኪዎች ብቻ ናቸው የሚቀበሩበት። እዚያ ማን ይግባ ማን አይግባ የሚለው በዕድሜ ታላቁ አውስኪ ነው። ይህ የትም አልተጻፈም፣ ግን ቄስ ሁሉ ሲመጣ ይነገረዋል።

“ሕጉን ካየን መፍቀድ እችላለሁ” አሉ ቄስ ላንግሪጅ። “ግን አይዛክ እሺ ሳይሉ አላደርገውም። እዚህ መኖር እፈልጋለሁና።”

ኮሊን ወደ አይዛክ ዞረ። ሃምሳን ያለፈ፣ ወፍራም፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ሰው ነው። “አባቴ ሊሞት ሲል ‘ከሰዎቼ ጋር አኑረኝ’ አለኝ። የትኞቹ ሰዎች ብዬ ብጠይቀው፣ ‘እዚያ ሸለቆ ያሉት’ አለ። አንድም ቀን መጥቶ አያውቅም፤ ይሰማ የነበረው ከአያቱ ነው። ብዙ ቦታ አይወስድም፣ ሚስተር…” ቆም አለና እንደ ፊደሉ ሞከረው። “ሚስተር ኦግለስኩፍ።”

ቤሪል ብርጭቆ እያደረቀች ነበር፤ ወደ ግድግዳው ዞረች። ማርጀሪ ሹራባቸውን ጎተት አደረጉ። አይዛክ አልሳቁም።

“ምን አልከኝ?”

“ይቅርታ፣ እዚህ በሌላ ዓይነት ነው እንዴ የሚባለው? እንዴት እንደሆነ ቢነግሩኝ…”

“እኔ አልነግርህም። እናንተም እንዳትነግሩት!” አይዛክ በጣታቸው ሁላችንንም ጠቆሙን። “የኛ ሰው ከሆነ ከእናቱ ቤት ተምሮት ይመጣ ነበር። የራሱን ስም ከጎረቤት የሚለምን ሰው አይቼ አላውቅም።”

“አይዛክ፣ ተው እንጂ” አሉ ማርጀሪ።

“ምኑን ነው የምተወው? ያንን ሳህን ረሳሽው?”

ሳህኑን ማንም አልረሳም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኮፍያ ያደረገ አንድ ሰው ከካናዳ ነው የመጣሁት፣ ዘመዳችሁ ነኝ ብሎ ገባ። ቤሪል የዋህ ናትና ሰውዬው ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ ስሙ እንዴት እንደሚጠራ ነገረችው። ሰውዬው “አውስኪ! አውስኪ ወንድሜ!” እያለ አይዛክን አቀፋቸው። አይዛክ ረድፉን አስጎበኙት፣ በግ አረዱለት፣ የእናታቸውን ፎቶግራፍ አሳዩት። ሲሄድ የዘራቸው አርማ የሆነው ጋሻ የተሳለበት ነው ብሎ አንድ ሳህን ሸጠላቸው። ሳህኑ ላይ አንበሳ ነበረበት። በዚያው ወር ከጅረቱ ማዶ ያሉት ሰዎች፣ ስማቸው ሌላ ሆኖ ሳለ፣ ያንኑ አንበሳ ገዝተው ተገኙ። ገበያ ላይ በግ ነጂዎቹ አይዛክን ሲያዩ እንደ አንበሳ ማግሳት ጀመሩ። አይዛክ ሳህኑን ለዶሮዎች ውሃ መጠጫ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ስለ ስማቸው ከእንግዳ ጋር አይነጋገሩም።

“እኔ ምንም የምሸጠው ነገር የለኝም” አለ ኮሊን፣ ታሪኩን ቄሱ ባጭሩ ሲነግሩት። “መኪና ፋብሪካ ነው የምሠራው። አባቴም እዚያው ነበር።”

“ታዲያ ቅድመ አያትህን ኮቨንትሪ ምን ወሰደው?” አሉ አይዛክ።

“እዚህ የነበረው የእርሳስ ማዕድን ጉድጓድ ሲዘጋ ነው ይላሉ። መጀመሪያ ወደ ከሰል ጉድጓድ ሄዱ። ከዚያ ደግሞ መኪና ፋብሪካ ሰው ሲፈልግ ወደ ኮቨንትሪ። አለቃው ስማቸውን ከወረቀት ላይ እንዳየው አነበበው፤ እሳቸውም ‘አቤት’ አሉ። ምን ይበሉ? ‘ስሜ እንዲያ አይደለም’ ብሎ የሚከራከር ሰው ሥራ አያገኝም። ከዚያ ልጆቻቸውም ‘አቤት’ አሉ። እኔም ይኸው ‘አቤት’ እያልኩ አለሁ።”

ጥሩ መልስ ነበር። እኔ በበኩሌ አምኜዋለሁ። ግን ማን ጠየቀኝ?

አይዛክ ቢራቸውን ጠጡና አፋቸውን ጠረጉ። “ልጆች አሉህ?”

“ሁለት ወንዶች።”

ይህን ሲሰሙ አይዛክ ብርጭቷቸውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ ብለው አዞሩት። ማርጀሪ ዓይናቸውን ከወንድማቸው ላይ አላነሡም። እሺ ሊሉ ነው ብዬ ነበር። አላሉም።

“ያም የሳህኑ ሰውዬ ልጆች አሉኝ ብሎ ነበር። ስማቸውን ሁሉ ነግሮኛል፤ አሁንም አስታውሰዋለሁ።” ተነሥተው ኮታቸውን ፈለጉ። “አባትህን እግዚአብሔር ያሳርፍልህ። እዚያ ረድፍ ግን አይገባም። ቄሱ ከትልቁ ዛፍ ወዲያ ቦታ ይስጡህ። ጥሩ ቦታ ነው፤ ጸሐይ ያገኘዋል።”

“አባቴ የጠየቀው ጸሐይ አይደለም” አለ ኮሊን ቀስ ብሎ።

አይዛክ የሰሙት አይመስሉም። ኮሊን ቆርቆሮውን ከወንበሩ አነሣና በክንዱ ሥር ያዘው። ፊቱ ቀልቷል። ቤሪል በዚያች ሰዓት የበግ ወጥ ከድንች ጋር በትልቅ ሳህን ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። ቀይ ጥቅል ጎመንም በኮምጣጤ አድርጋ አምጥታለች።

“ቁጭ በል የኔ ልጅ። በባዶ ሆድህ እስከ ኮቨንትሪ ልትነዳ ነው?”

“አመሰግናለሁ። አልራበኝም።”

“ትንሽ ቅመስ።”

“አልፈልግም።”

“ይሄኮ የኔ እጅ አይደለም፤ የሚስተር አው…” ቤሪል አፏን በእጇ ያዘችና ሳል የያዛት መሰለች። “የ… የአይዛክ እኅት ናቸው የሠሩት።”

“አልበላም አልኩ እኮ! ይቅርታ።” ኮሊን ወዲያው አፈረ፤ ወንበሩ ላይ መልሶ ተቀመጠና ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ አኖረው። በራሱ ሳቀ። “ይቅርታ እትዬ። አያቴ ብትኖር ‘አውስኪ አትሁን፣ ዝም ብለህ ብላ’ ትለኝ ነበር።”

ቤሪል ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ መረቁ ፈሰሰ። አይዛክ አንድ እጃቸውን ኮታቸው ውስጥ አስገብተው፣ ሌላውን እጅጌ እየፈለጉ ባሉበት ቆሙ።

“ምን አትሁን?” አሉ ማርጀሪ።

“አውስኪ። የኛ ቤት ቃል ነው፤ ሌላ ሰው አይለውም። እልኸኛ፣ ግትር ማለት ነው። አባቴ ሐኪም ቤት አልሄድም ሲል እናቴ ‘ያ አውስኪነቱ ተነሣበት’ ትላለች። አያቴ ደግሞ ከአማቷ ነው የሰማችው። ትምህርት ቤት ሳለሁ ቃሉን ስናገር ‘ምን ቋንቋ ነው?’ ብለው ሳቁብኝ፣ ከዚያ ወዲህ ውጭ አላወጣሁትም።” ሁላችንንም ተራ በተራ ተመለከተን። “ምነው? ስድብ ነው እንዴ እዚህ?”

አይዛክ ወደ ቤሪል ዞሩ። “ነግረሽዋል።”

“እኔ? በእናቴ መቃብር! ዛሬ ከመጣ ጀምሮ ምላሴን ነክሼ ነው ያለሁት፤ አላየኸኝም?” ቤሪል ስትደነግጥ አይዛክን አንተ ትላለች።

“አልነገርሽውም እንበል። ታዲያ ግትር ማለት ነው የሚለውን ከየት አመጣው? የኔ ስም ግትር ማለት ነው? ማን ነው እንዲህ የሚል?”

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበደን። በእኛ ሸለቆ በግ ከበር አልወጣ ሲል ‘አውስኪ ሆነ’ እንላለን። የዛገ ብሎን አልፈታ ሲልም እንዲያው ነው። ከጅረቱ ማዶ ያሉትም፣ ከተራራው ጀርባ ያሉትም ይሉታል። አይዛክ ባሉበት ግን ማንም ብሎት አያውቅም። እሳቸው ሲገቡ ቃሉ ይወጣል። ስለዚህ ኮሊን እውነተኛ መሆኑን የሚመሰክርለት፣ አይዛክን በዕድሜያቸው ሙሉ ከጀርባቸው ስናማቸው እንደኖርን የሚናገር ሰው ብቻ ነበር።

ቄሱ ጣሪያውን አዩ። እኔ ቢራዬን አየሁ። ቤሪል ጨርቋን አጣጠፈች፣ ዘረጋች፣ መልሳ አጣጠፈች።

“ሁላችንም እንላለን፣ አይዛክ” አለች በመጨረሻ። “ትናንት ገበያ ላይ እንኳ ያ የበግ ጫኚው መኪና አልነሣ ሲል ሰዉ ሁሉ ‘አውስኪ ሆነ’ ነበር የሚለው። ያኔ እርስዎ ሲመጡ ዝም ያልነው ለዚህ ነው።”

“‘ስለ ሞተሩ ካርቡሬተር ነው የምናወራው’ ነበር ያላችሁኝ!”

“ካርቡሬተሩም ነበር።”

“ማርጀሪ፣ አንቺስ?”

“እናታችን ትልህ ነበር እኮ!” አሉ ማርጀሪ። “‘አውስኪ ዘር አውስኪ፣ አባትህን መሰልክ’ እያለች በማንኪያ ትመታህ ነበር። አንተ ስምህን የጠራችህ መስሎህ ‘አቤት’ ትላለህ።”

ቄሱ ሳቃቸውን መያዝ አልቻሉም። አይዛክም ቀስ ብለው፣ ኮታቸውን በግማሽ እንደለበሱ፣ ከኮሊን ፊት ለፊት ቁጭ አሉ። የተናደዱ አይመስሉም፤ አንድ ነገር ሲያሰሉ የቆዩና ድንገት የገባቸው ሰው ይመስሉ ነበር።

“ይህን ቃል ያ የሳህኑ ሰውዬ አያውቀውም ነበር” አሉ። “ቤሪል ስሙን ነገረችው እንጂ ስድቡን አልነገረችውም።”

“ምን እያላችሁ እንደሆነ አልገባኝም” አለ ኮሊን።

“ስምህ ነው ልጄ። አውስኪ ማለት ስምህ ነው። ያ ረጅሙ ፊደል ሁሉ እንዲህ ነው የሚነበበው።”

ኮሊን ጭኑ ላይ ያለውን ቆርቆሮ አየ። ክዳኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አሥራ ሁለቱንም ፊደላት ይዟል። ጣቱን በፊደሎቹ ላይ ቀስ ብሎ አሳለፈ።

“እናቴ አባቴን በስሙ ስትጠራው ኖራለች” አለ። “በተቆጣችው ቁጥር። እሱም አያውቅም፣ እሷም አታውቅም።” ሊስቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሳቁ መንገድ ሳተና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ማርጀሪ ወንበራቸውን አስጠግተው ጀርባውን ደባበሱት። ቤሪል የፈሰሰውን መረቅ ጠረገች።

“በል ጥራው” አሉ አይዛክ፣ ሲረጋጋ።

“አውስኪ።”

“‘ው’ዋን አትርገጣት። ለስላሳ ናት። ‘አውስኪ’።”

“አውስኪ።”

“ይሻላል። ኮቨንትሪ ኮቨንትሪ ይላል፣ ግን ይሻላል።” ወጡን ወደ እሱ ገፉለት። “አሁን ብላ። አውስኪ አትሁን።”

ኮሊን በላ። ሁለተኛ ሳህንም ጨመረች ቤሪል። አይዛክ በዚያ ቀን ስለ ልጆቹ ጠየቁት፤ ታላቁ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደሆነ፣ ታናሹ እግር ኳስ እንደሚጫወትና አንድም ጊዜ ግብ አስቆጥሮ እንደማያውቅ፣ ግን አልተውም እንዳለ ነገራቸው። አይዛክ አሰልጣኙ ምን እንደሚለው ጠየቁ። “ተቀመጥ ነው የሚለው” አለ ኮሊን። “እሱ ግን አይቀመጥም።”

“አይቀመጥማ” አሉ አይዛክ።

ስታንሊ አውስኪ ሐሙስ ቀን በሰሜኑ ካብ ሥር፣ በረድፉ ውስጥ ተቀበሩ። ጉድጓዱን የቆፈሩት አይዛክ ራሳቸው ናቸው። ዝናብ ስለነበር ቄሱ ጸሎቱን አሳጠሩ፤ ኮሊን ከምሳ በኋላ ባዶውን ቆርቆሮ ይዞ ወደ ኮቨንትሪ ሄደ።