ፈረሰኛዋ ወፍ

አፋሮች ሱጉም የሚሉት የመጋቢት ዝናብ በዚያ ዓመት ሳይሰስት ጣለ። ከሰመራ ዳር ጀምሮ ድንጋይ ሲመስል የኖረው ሜዳ ሣር ለበሰ፤ ሣሩ መሃል አበባ ፈነዳ፤ የሠፈሩ ሴትም አብሮ አበደ። ስልክ ያላት የራሷን፣ የሌላት የባሏን ነጥቃ ፎቶ ለማንሳት አበባ ማሳደድ ጀመረች። ከሁሉ የባሰባት ግን ኩኩ ነበረች።

ኩኩና ሀጂራ ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤታሞች ናቸው። ኩኩ ከደብረ ብርሃን በባሏ ሥራ መጥታ ባሏን ሰመራ ላይ ቀብራ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሀጂራ ደግሞ የወሎ ልጅ፣ በወጣትነቷ አዋሽ የኖረች፣ አሁን ሹፌሮችን በፍየል ሥጋ የምታጠግብ ባለ ምግብ ቤት። አንዷ ስትታመም ሌላዋ እህል አይወርድላትም፤ ስትድን ደግሞ ንትርኩ ካቆመበት ይቀጥላል።

እሁድ በመጣ ቁጥር ኩኩ ከቅዳሴ መልስ ሚኒባስ ትሳፈራለች። አንዴ ዱብቲ ወርዳ በመስኖው ዳር ያበበውን፣ አንዴ አፋምቦ ሄዳ ውኃ ውስጥ የቆሙትን እግረ ረጃጅም ወፎች በስልኳ አንስታ ትመለሳለች። ከዚያ በእድርተኞቹ ቴሌግራም ላይ ትለቀውና ምሽቱን ሙሉ ምስጋና ስትሰበስብ ታመሻለች። ሀጂራ ፊደል አልቆጠረችም፤ ዓይን ግን አላት። ሥዕሉን አይታ የላከችው የድምፅ መልእክት አንድ ብቻ ነበር፦ «ጣትሽን ከካሜራው መስተዋት ላይ አንሺ!»

አንድ ቀን እድርተኞቹ ኩኩ ሱቅ በር ላይ ተሰብስበው የአፋምቦውን ወፍ ሲያደንቁ ሀጂራን አላስችላት አለ።

«እናንተ ደግሞ በትንሽ ነገር ትደነቃላችሁ። እኔ አዋሽ ሳለሁ ወፍ ወፍን ተሸክሞ ሲሄድ አይቻለሁ።»

«ማንን ተሸክሞ?» አለች ኩኩ።

«ወፍን! ትልቁ የሜዳ ወፍ፣ ቁመቱ ከፍየል የማያንሰው። ትንሿ ቀይ ወፍ ትመጣና ጀርባው ላይ ፊጥ ትላለች። እሱ ሣሩን እየገፋ ሲሄድ ፌንጣው ይነሳል፤ እሷ ብድግ ብላ ትቀልብና ተመልሳ ትቀመጣለች።»

«ኮርቻስ ነበረው?»

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ኩኩ ሳቅ ስታገኝ መቼ ታቆማለች! «በስመ አብ! በሚሌ የሚያልፈው ከባድ መኪና አልበቃ ብሎ ወፉንም ጫነችው!»

ሀጂራ ሳቅ አትፈራም፤ ሰው ላይም ስቃ ታውቃለች። ይሄ ሳቅ ግን ሠፈር ውስጥ ተቀመጠ፣ አልሄድም አለ። «ውኃ ጠፍቷል» ስትል «ወፉ ጠጥቶት ይሆናል» ይሏታል። ለደንበኛ «ሥጋው የዛሬ ነው» ስትል ሹፌሩ ዓይኑን ጠቅሶ «በወፍ ተጭኖ መጣ?» ይላታል። ይሄን ጊዜ ደሟ ፈላ። ምግብ ቤት ያቆመችው በድስት ሳይሆን በቃሏ ነበር። «ሀጂራ ካለች አለች» ሲባል የኖረ አፍ እንደ ነጠላ ጫፍ የትም ሲጎተት ልታይ ነው? ወላሂ አታይም!

ኩኩ ሱቅ ገብታ እጇን ወገቧ ላይ ሰካች።

«ተነሽ። ነገ አዋሽ እንሄዳለን። በዓይንሽ ታያለሽ፣ በስልክሽ ታነሻለሽ። ካላየሽ ሁለተኛ ሰው ፊት ወሬ አላወራም።»

«ወይኔ፣ ሰመራ ጸጥ ልትል ነው!» አለች ኩኩ። ግን ስልኳን ቻርጅ ላይ ለመሰካት አፍታ አልፈጀባትም።

የሀጂራ የእህት ልጅ ታጁ ፒካፕ አለው፤ ከሰመራ አዋሽ ዕቃ ያመላልሳል። ይዟቸው ሄደ። አዋሽ ላይ የሀጂራ ዘመድ ዙሌይካ ቤት አደሩና ጎህ ሲቀድ ከከተማው ወጥተው ሰፊው ሜዳ ውስጥ ገቡ።

ምን ዓይነት ጠዋት ነበር! ግራሩ አብቦ ሽታው መኪናው ውስጥ ድረስ ይገባል። ሣሩ ጤዛውን ገና አላራገፈም። ግንዷ እንደ እንስራ ያበጠባት የበረሃ አበባ ቅጠል ሳታወጣ በሮዝ አበባ ተሸፍና ድንጋይ ላይ ቆማለች። ኩኩ «አቁም!» ትላለች፤ ትወርዳለች፤ ታነሳለች። ትሳፈርና መቶ እርምጃ ሳይሄዱ ደግሞ «አቁም!»

«አበባው አይበርም፤ ወፉ ነው የሚበረው!» አለች ሀጂራ። «ንዳ፣ ታጁ!»

ወዲያው ከፊታቸው አንድ አፋር ምርኩዙን ትከሻው ላይ አጋድሞ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ታጁ ፍሬን ያዘ።

«አክስቴ፣ ዳጉ ሊጠይቀን ነው።»

አፋር አገር ሰውና ሰው መንገድ ላይ ተገናኝቶ ሳይጠያየቅ አያልፍም። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ተባብሎ ያየውን ይሰጣል፣ የሌላውን ይቀበላል፤ መጨመርም መቀነስም ነውር ነው። ዳጉ ይሉታል። ሀጂራ ይሄን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ቋንቋውንም ታውቃለች። ግን ልቧ ቀድሟት ሄዷል።

«ዛሬ አይሆንም! ፀሐይ ሳትከር፣ ወፉ ጥላ ሳይገባ! ንዳ ብያለሁ!»

ታጁ ነዳ። አቧራው ሰውዬውን አለበሰው።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ያላሳያቸው ነገር የለም። ሰጎን ከነጫጩቶቿ ስትሮጥ፣ ሳላ ቀንዱን እንደ ጦር አቁሞ ሲያያቸው፣ ቀያዮቹ ወፎች እሾህ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድረው። ትልቁንም ወፍ አገኙት፤ ግን ብቻውን ነበር፣ ጀርባው ባዶ። ኩኩ ሁሉንም ታነሳለች፣ ትጮሃለች፣ ትሾፋለች።

«ፈረሱም አለ፣ ፈረሰኛዋም አለች። ተኳርፈው ነው መሰለኝ!»

ሀጂራ ዓይኗን ከሜዳው አልነቀለችም። ፀሐይዋ ከረረች፤ ሜዳው በሙቀት ይርገበገብ ጀመር። ያ ሹፌር ዓይኑን ሲጠቅስ፣ ሴቶቹ በር ላይ ሲጠብቋት ታያት። መስኮቱን በእጇ መታች።

«አዙር፣ ታጁ። ወደዚያ ሰውዬ መልሰኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ግራር ሥር ተቀምጦ አገኙት። ሁመድ ይባላል። ሀጂራ ወርዳ እጁን ሳመች፣ እጇን ሳመ፤ በአፋርኛ ይቅርታ ጠየቀች። እሱም ፊቱን አላጠቆረባትም። ቦታ ለቀቀላቸውና «ከየት ናችሁ? ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» አለ።

መስጠት ግድ ነው። ከሰመራ ጀምራ ሰጠችው፤ የመንገዱን፣ የዝናቡን፣ የገበያውን። ከዚያ ወፉ ጋ ደረሰች። «አይቼ ነበር፤ ውሸታም ተባልኩ። ይችው፣ ያለችኝ አብራኝ ተቀምጣለች።»

«ምን አልሽው?» አለች ኩኩ፣ ስሟ ሳይጠራ መነሳቱን ጠርጥራ።

«ያልሽውን።»

ሁመድ ኩኩን አያት፤ ሀጂራን አያት። ከዚያ ረጋ ብሎ የራሱን ሰጠ። ታጁ እየሰማ ተረጎመው፤ ተርጉሞም ሳይጨርስ ሳቁ አነቀው። «እትዬ ኩኩ፣ ጠዋት እጁን ሲያነሳልን ወፉ ከኋላው ነበር አሉ። ከነተሳፋሪዋ!»

ሀጂራ ጭንቅላቷን ያዘች። «ሱብሃነላህ! አቧራ አልብሰናቸው ሄድን!» ኩኩ ሆዷን ይዛ ሣሩ ላይ ተዘረጋች።

«አሁንስ የት ነው?» አለች ሀጂራ።

«አሁን አላየሁትም። ያላየሁትን አልሰጥም» አለ ሁመድ። «ያቺ ፍየል የምትነዳ ሴት ከዚያ በኩል እየመጣች ነው። ጠብቁ።»

ጠበቁ። ሴትዮዋ ደረሰች፤ ደግሞ ከሥሩ ተጀመረ። ማን ወለደች፣ ዝናቡ የት ጣለ፣ የማን ግመል ጠፋ። ሀጂራ ከንፈሯን ነክሳ ሁሉንም በተራው ተቀበለች፤ አንድ ጊዜ አፏ ሊያመልጣት ሲል ኩኩ ጭኗን ቆነጠጠቻት። «አብሽሪ ትይኝ የለ ሁልጊዜ? አብሽሪ!» በመጨረሻ ሴትዮዋ ምርኩዟን ወደ ምሥራቅ ዘረጋች። ፍየሎቿ ሲግጡ ፌንጣው ተነስቶ ነበር፤ ወፉ ኋላ ኋላዋ ሲለቅም ከቀዩ የምስጥ ኩይሳ አጠገብ ትታው መጥታለች፤ ጀርባው ላይ ቀይ ነገር ነበር።

ሀጂራ ጉልበቷን የሚያማት ሰው አትመስልም፤ መኪናው ላይ ዘላ ወጣች።

ኩይሳው ሲታይ ታጁ ሞተሩን አጠፋ። ሣሩ ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ አንገቱ ወጣ፣ ከዚያ ደረቱ፤ እንደ ባላባት ቀስ እያለ፣ ግራ ቀኙን እየገላመጠ። ቀድማ ያየችው ኩኩ ነች።

«እመቤቴን! ተቀምጣለች! ሀጂራ፣ ተቀምጣለች እኮ!»

«ቀስ በይ፣ ታባርሪያታለሽ!» አለች ሀጂራ፣ ከእሷ ብሳ እየጮኸች።

ወፏ አልሄደችም። ቀይ፣ ራሷ ጋ አረንጓዴ የነካት፣ ጅራቷ ቀጭን፣ ትልቁ ወፍ ጀርባ ላይ ጉብ ብላ ሜዳውን ታያለች። ፌንጣ ተነሳ፤ ብር አለች፤ አየር ላይ ቀለበችው፤ ተመልሳ እዚያው ዱብ! እሱ ቁብም አልሰጠው። ኩኩ በጥድፊያ መጀመሪያ ሰማይ አነሳች፣ ቀጥላ የታጁን ጆሮ። ሦስተኛው ላይ ያዘችው። ደግማ ያዘችው። የሀጂራ ስልክ ከጡቷ ሥር አልወጣም፤ ማውጣቱም ትዝ አላላትም። እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትስቃለች፣ «በይ አሁን ኮርቻውን ፈልጊ!» ትላለች።

ሲመለሱ አንድ ግመል ነጂ መንገዱ ዳር ቆሞ እጁን አነሳ። ታጁ ፍሬኑን ሳይረግጥ ኩኩ ትከሻውን መታችው።

«ቁም! ይሄን እኔ ነኝ የምሰጠው!»

ወረደች። ከሱቋ ደንበኞች በለቀመችው ስብርባሪ አፋርኛ፣ የጎደለውን በእጇ እየሞላች ጀመረች። በዓይኗ አየች። ሀጂራ ያለችው እውነት ነው። ስሟንም ሁለቴ ጠራችው፣ ሀጂራ፣ የሰመራዋ ሀጂራ። ከዚያ ደስታው አናቷ ላይ ወጣና ጣቶቿን ዘረጋች፦ ትልቁ ወፍ ላይ ሦስት ቀያይ ወፎች፣ ተደራርበው!

«አንድ ናት!» ሀጂራ ግማሽ አካሏ በመስኮት ወጣ። «አንድ! ስሜን ላስመልስ ይሄን ያህል አገር አቋርጬ አንቺ ልታጠፊው ነው?»

«እሺ፣ አንድ» አለች ኩኩ ሁለቱን ጣት እያጠፈች። «ግን አንድ ናት አትባልም፣ ማርያምን!»

ግመል ነጂው አንዷን ጣት አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ ተቀበለ። ምርኩዙን መሬት ተክሎ ተደገፈበትና «ሌላስ ምን አያችሁ?» አለ።

ሁለቱም እኩል አፋቸውን ከፈቱ።