በባሏ ጆሮ ልክ

ጡረታ የወጣችው የመንገድ መሐንዲስ ከሰዓት በኋላ የሳሎኑን መጋረጃ ጋርዳ፣ ሁለቱን ርካሽ የድምፅ ማጉያዎች እንደ ታማሚ በጀርባቸው አስተኝታ ሆዳቸውን ከፈተች። ግድግዳቸው ስስ ስለነበረ ወፍራም ድምፅ በመጣ ቁጥር ይንዘፈዘፋሉ። ውስጣቸውን በእንጨት ማገር ደገፈች፤ ካረጀ ብርድ ልብስ የተፈታ ሱፍ ጎሰጎሰችባቸው፤ ስንጥቃቸውን በሙጫ ደፈነች።

ይህ ሁሉ ድካም ስለ ባሏ ነበር። ዕድሜውን ሙዚቃ ሲያስተምር የኖረው ባሏ፣ «ዘፋኙ ሁሉ ትራስ አፉ ላይ አድርጎ የሚዘፍን ይመስለኛል» ብሎ የዘፈን ሸክላዎቹን በሙሉ ለወንድሙ ልጅ ሊሰጥ ቆርጧል። ልጁም በማግስቱ መኪና ይዞ ሊመጣ ነው። እሷ ግን ባሏን ታውቀዋለች፤ ሸክላዎቹ ከዚያ ክፍል ከወጡ እሱም አብሯቸው መውጣቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ከማን ጋር ቁጭ ብላ ልታመሽ?

«አንተ ሰውዬ፣ ውጣልኝ፤ ልለካ ነው።»

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ትተነፍሳለህ።»

«ይቅር በይኝ፤ ሁለተኛ አይለምደኝም» አለና እየሳቀ ወጣ።

ማይክሮፎኑን ከባሏ ወንበር ፊት አቁማ የመለኪያውን ድምፅ ከኮምፒውተሩ ለቀቀች። ድምፁ ከምድር ሆድ እንደሚያጉረመርም ነጎድጓድ ተነሣ፤ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ በሰው ድምፅ በኩል አልፎ፣ ፉጨት ሆኖ፣ በመጨረሻም በብርሃን ክር ላይ እንደምትራመድ ትንኝ ጣሪያው ሥር ጠፋ። ጠዋት ስትለካው ገደልና ጉብታ የነበረው፣ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በስክሪኑ ላይ የሚያሳየው መስመር አሁን እንደ ረጋ ሐይቅ ተኝቷል። ዕድሜ ልኳን ኮረብታ ስትደለድል የኖረች ሴት፣ ከዚህ የበለጠ ምን ያምራታል?

ባሏን ጠርታ አንድ ሸክላ አስቀመጠችለት። ጥቂት አዳመጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ያው ትራሱ ነው። ውሃ ስትወቅጪ ዋልሽ፣ መሐንዲሷ።»

ክው አለች። ወዲያው ግን ስሕተቷ ታያት፤ ቀኑን ሙሉ ስትለካ የዋለችው ባዶ ወንበር ነው።

«የመለኪያውን ድምፅ እንደገና ልልቀቀው። ሲጠፋብህ እጅህን አንሣ።»

«እተነፍሳለሁ እኮ።»

«ተንፍስ።»

ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ከወለሉ ተነሥቶ ሁለቱንም በአንድ ጀልባ የጫነ ይመስል ቀስ አድርጎ አነሣቸው፤ ክፍሉም ግድግዳውም ከሥራቸው ራቀ። ድንገት ዓይኗን ብትገልጥ የባሏ እጅ ተነሥቷል። ድምፁ ግን ገና እየወጣ ነው። የቀረውን መንገድ ብቻዋን ሄደች።

«አለቀ አይደል?» አላት።

ልትዋሸው አልቻለችም። «አንተ ጋ አለቀ።»

ባሏ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ከዚያ፣ «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው አሉ» አለ፤ «እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዘፋኝ ስወቅስ ከረምኩ።»

እሷም መበየጃዋን አነሣች። ቀጭኑን ድምፅ ከሚያወጣው ትንሽ ስፒከር ላይ፣ ኃይሉን ይዞ የሚያስቀረውን ሬዚስታንስ አውልቃ አነስተኛውን ተካች፤ ባሏ እጁን ካነሣበት ድምፅ ዝቅ ብሎ ባለው ቦታ ላይም፣ ያን የመሰለ የስክሪን ሜዳዋን አበላሽታ፣ ድምፁን ከፍ በማድረግ ኮረብታ ቆለለችበት። በማይክሮፎኑ ዘንድ ነውር ነበር። ሸክላው እንደገና ሲዞር ግን ባሏ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ቀስቱ! የቫዮሊኑ ቀስት ክሩን ሲነካ ሰማሁት!»

ሁሉም አልተመለሰለትም፤ የተመለሰው ግን በቃው። ስልኩን አንሥቶ ለወንድሙ ልጅ ደወለ። «ነገ መምጣቱንስ ና፤ መኪናውን ግን ተወው። ጆሮህን ብቻ ይዘህ ና።»

ከዚያ ተቀመጠና ወደ ሚስቱ ዘንበል አለ።

«እስቲ ንገሪኝ፤ እኔ ጋ ያልደረሰው ድምፅ አሁን ምን እያለ ነው?»

ዓይኗን ጨፍና፣ በቅጠል ላይ የሚያካፋ ዝናብ እንደሚመስል ትነግረው ጀመር።